የጎልፍ ዱላ ሲገዛ፤ ለኪስም ለወገብም እንዲመች

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ብቅ ያሉ አያቶች ከሚገረሙባቸው ነገሮች አንዱ የልጅ ልጆቻቸው የሚጫወቱት የጨዋታ ብዛት ነው። እኛ ልጆች ሳለን የጨርቅ ኳስ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ በበዓሉ ሰሞን ደግሞ የገና ጨዋታ ካለ ዓመቱ ይበቃው ነበር። እዚያ ግን ልጁ ዛሬ ዋና፣ ነገ እግር ኳስ፣ ከነገ ወዲያ ቅርጫት ኳስ ይላል፤ ለእያንዳንዱም የየራሱ ጫማ፣ ልብስና ዕቃ አለው። ከሁሉም በላይ ቤት ውስጥ ክርክር የሚያስነሳው ጎልፍ ነው። «የሀብታም ጨዋታ አይደለም እንዴ?» ይላል አንዱ። «ዱላው ብቻውን የወር የቤት ኪራይ አይወስድም?» ይላል ሌላው።

ሜሪላንድ ካለችው ልጄ ዘንድ ሰባት ወር በቆየሁበት ጊዜ ይህ ክርክር እኛም ቤት ገባ። የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ጎልፍ የሚጫወቱ የትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩት፤ እሱም አማረው። አብሮኝ የሄደው ባለቤቴ ደግሞ ደም ግፊት አለበትና ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመድ አዞታል። እሱ ግን ዝም ብሎ መንገድ ላይ መንገላወድ አይወድም፤ «የት ደረስኩ ልበል?» ይላል። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ ሁለቱም ዱላ ፈለጉ።

ነርስ ሆኜ ስሠራ የለመድኩት ነገር ቢኖር ከመስጠት በፊት «ለማን? ለምን? ምን ያህል?» ብሎ መጠየቅን ነው። መድኃኒት ውድ ስለሆነ አያድንም፤ የሚያድነው ለታማሚው ሲስማማ ነው። የጎልፍ ዱላም ከዚህ የተለየ ሆኖ አላገኘሁትም። ከአማችና ከሴት ልጄ ጋር ከሱቅ ሱቅ ስንዞር ያየሁትን፣ በሙያዬም የማውቀውን እነሆ።

ልጄ ከማን ያንሳል?

የልጅ ልጄ አባት በመጀመሪያ ያሰበው አዲስ፣ ስሙ የታወቀ፣ ከነቦርሳው ሙሉ የሆነ ስብስብ ለመግዛት ነበር። አንድ ትልቅ መደብር ገብተን ስናይ የታወቁ ድርጅቶች የዓመቱ አዲስ ድራይቨር፣ ማለትም ኳስ ከመነሻው በርቀት የሚመታበት ባለ ትልቅ ራስ ዱላ፣ ብቻውን ከ500 ዶላር በላይ ነው። ሙሉ ስብስቡ ከሺህ ብዙ ያልፋል። ሻጩ በወር በወር መክፈል እንደሚቻል ነገረን።

አማቼ ሐሳቡን ያልቀየረው ስለ ጎልፍ ተሳስቶ አልነበረም። «ጓደኞቹ ሁሉ አዲስ ይዘው እሱ አሮጌ ይዞ ይቁም? ልጄ ከማን ያንሳል?» ነው ያለው። ይህን ጥያቄ የማያውቅ ወላጅ የለም። እኛም በመስከረም የልጆቻችንን ደብተርና ጫማ ስንገዛ ያልነው ይህንኑ ነው።

ሴት ልጄ ግን ወረቀት አውጥታ ሒሳብ ሠራች። ዕዳው የሚከፈለው አባትየው ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ ፈረቃ ሲገባ ነው። ልጁ የሚጫወተውም ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ውዱ ዱላ ሲገዛ ልጁ አባቱን ያጣል ማለት ነው። ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ሰጠችውና ወደ ወጥ ቤት ገባች። እሱም ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። በማግስቱ «እስቲ ያገለገለውን እንይ» ያለው ራሱ ነው።

ለጀማሪ ስንት ዱላ ይበቃል?

የጎልፍ ሕግ አንድ ተጫዋች ቢበዛ 14 ዱላ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ቢያንስ ይህን ያህል ይኑረው የሚል ሕግ ግን የለም። ሰው ግን 14ን እንደ ግዴታ ቆጥሮ ኪሱን ይጎዳል።

ዱላዎቹ ሥራቸው የተለያየ ነው። ድራይቨር ሩቅ ለመምታት ነው። አይረን የሚባሉት የብረት ዱላዎች ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፊቱ ይበልጥ ወደ ኋላ የተጋደለ ስለሚሆን ኳሱ ከፍ ብሎ ይነሳል፣ ርቀቱም ያጥራል። ዌጅ የሚባሉት ከጉድጓዱ አቅራቢያና ከአሸዋ ውስጥ ለማውጣት ናቸው። ሃይብሪድ ለጀማሪ የሚያስቸግሩትን ረጃጅም አይረኖች የሚተካ፣ በቀላሉ ኳስ የሚያነሳ ዱላ ነው። ፓተር ደግሞ በለስላሳው ሣር ላይ ኳሷን እያንከባለሉ ወደ ጉድጓዱ ማስገቢያ ነው።

ለጀማሪ ከአምስት እስከ ሰባት ዱላ ይበቃዋል። አንድ ፓተር፣ 7 እና 9 ቁጥር አይረን፣ አንድ ዌጅና አንድ ሃይብሪድ ካሉ ጨዋታው ይጀመራል። ድራይቨሩ ይቆይ፤ ረጅምና ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ስለሆነ ጀማሪን የሚያበሳጨው እሱ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉ ይበልጣል።

የባለቤቴን እንንገራችሁ። ጉድዊል ከሚባለው፣ ሰው የሰጠውን ዕቃ መልሶ ከሚሸጥ የበጎ አድራጎት መደብር አምስት የብረት ዱላዎች እያንዳንዳቸውን በ6 ዶላር፣ ፓተር በ10፣ ቦርሳ በ15 ገዛን። ሃይብሪዱን ያገለገለ የስፖርት ዕቃ ከሚገዛና ከሚሸጥ ሌላ ሱቅ በ35 ዶላር አገኘነው። የሦስቱ ዱላዎች እጀታ ደርቆ ስለነበር ለእያንዳንዱ 12 ዶላር ከፍለን አስቀየርን። ጠቅላላ ድምሩ 126 ዶላር ነው፤ ሰባት ዱላ ከነቦርሳው።

ያገለገለ ዱላ ምርመራ

ያገለገለ ማለት የተበላሸ ማለት አይደለም። የጎልፍ ዱላ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ያለፈው ዋጋው ይወርዳል እንጂ አገልግሎቱ አይቀንስም። ዳሩ ግን ታማሚን ከራስ እስከ እግር እንደምንመረምረው እሱንም መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የቀኝ ነው ወይስ የግራ? መደርደሪያው ላይ ተቀላቅለው ነው የሚቀመጡት። የግራ ዱላ የሚያስፈልገውን ልጅ ደግሞ እንደ ድሮው «በቀኝህ ያዝ» ብላችሁ አታስገድዱት። በሁለቱም በኩል ያወዛውዝና የሚቀለውን ይምረጥ። በዓለም የታወቀው ፊል ሚክልሰን በሌላው ሥራው ሁሉ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ነው፤ ጎልፍ ግን በግራ ነው የሚጫወተው። ልጅ ሆኖ አባቱን ፊት ለፊት ቆሞ እያየ እንደ መስታወት ስለቀዳ ነው።

ሁለተኛ ራሱን እዩ። ስንጥቅ አለው? ስታነቃንቁት ውስጡ ይንኳኳል? ራሱ ከዘንጉ ጋር በተጣበቀበት ቦታ ይላወሳል? በብረቱ ፊት ላይ ያሉትን መስመሮች በጥፍራችሁ ዳብሱ፤ ጥፍር የማይዙ ከሆነ ብዙ የተመታባቸው ናቸው። ጀርባውንም አዙራችሁ ተመልከቱ። ጀርባው ጎድጎድ ብሎ ክብደቱ ወደ ጠርዙ የተበተነ ከሆነ ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው፤ ኳሱ መሃል ላይ ባይመታም ብዙ አይስትም። ጀርባው ወጥና ቀጭን የሆነው ለሠለጠነ እጅ ነው።

ይህን ክብደትን ወደ ጠርዝ የመበተን ዘዴ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ካርስተን ሶልሃይም ነው። መሐንዲስ ሆኖ ሳለ ኳሷን ጉድጓድ ማስገባት ቢያቅተው በ1959 እ.ኤ.አ. በራሱ ጋራዥ ውስጥ ፓተር ሠራ። ዱላው ኳስ ሲመታ «ፒንግ» የሚል ድምፅ ስለሰጠ ስሙም እሱው ሆኖ ቀረ። ዛሬ ፒንግ ትልቅ ኩባንያ ነው።

ሦስተኛ ዘንጉ። ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ እንደ መርፌ ቀዳዳ በርዝመቱ ተመልከቱት፤ መጉበጡ ይታወቃል። የብረት ዘንግ ከሆነ ዝገቱ ላይ ላዩን ነው ወይስ በልቶታል በሉ። ግራፋይት ከሆነ ወደ ራሱ ጠጋ ባለው በኩል ጣታችሁን እያዞራችሁ ዳብሱ፤ የተሰነጠቀ ግራፋይት ሲመታ ተሰብሮ ሰው ሊጎዳ ይችላልና በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት።

አራተኛ እጀታው። የደረቀና የሚያንሸራትት እጀታ ሰውን አጥብቆ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ አጥብቆ መያዝ ደግሞ የክርን ሕመም መንገድ ነው። ማስቀየር ቀላል ነው፤ ሒሳቡን ግን ከመግዛታችሁ በፊት ደምሩት። የሃያ ዶላር ስብስብ የመቶ ዶላር እጀታ የሚፈልግ ከሆነ ርካሽ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የታወቀ ስም ያለበት «አዲስ» ስብስብ በኢንተርኔት በማይታመን ዋጋ ካያችሁ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስሙ ያልገነነ እውነተኛ ዱላ ስሙ ከገነነ ሐሰተኛ ይሻላል።

ለልጅ የልጅ ዱላ

የትልቅ ሰው ዱላ አሳጥሮ ለልጅ መስጠት የሚያዋጣ ይመስላል፤ አያዋጣም። ሲቆረጥ ዘንጉ ይበልጥ ግትር ይሆናል፣ ራሱ ግን በክብደቱ ይቀራል። ልጁም ክብደቱን ለማንሳት በወገቡና በትከሻው ይወራጫል። የልጆች ዱላ ቀላል ራስና የሚተጣጠፍ ዘንግ ኖሮት የሚሠራ ነው። የሚመረጠውም በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው፤ ስለዚህ ልጁን በግድግዳ አስጠግታችሁ ለክታችሁ ሂዱ። «ያድግበታል» ብሎ ሁለት ቁጥር አስበልጦ መግዛት ለዩኒፎርም እንጂ ለዱላ አይሆንም።

ይህን ለማያምን አያት ገናን ላስታውሰው። ወንድሞቼ ለገና ጨዋታ ጫፉ የቆለመመ እንጨት ፍለጋ ሲወጡ እያንዳንዱ የሚቆርጠው ለቁመቱ የሚስማማውን ነበር። የታላቁን ዱላ የያዘ ታናሽ ሩሯን ሳይሆን መሬቱን ሲመታ ይውላል።

የልጅ ልጄ 142 ሴንቲ ሜትር ነበር። ያገለገለ የልጆች ስብስብ፣ አምስት ዱላ ከነቦርሳው፣ በ60 ዶላር ተገኘለት። ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ እንዲህ ያለው ስብስብ ብዙም ሳይጎዳ ነው ሰው የሚመልሰው፤ እኛም ሲያጥረው መልሰን ልንሸጠው እንችላለን።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጁ ቦርሳውን ከኋላው ነበር የደበቀው። አባቱ አየ፤ ምንም አልተናገረም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ልጁ ስለ ቦርሳው ማሰቡን ትቶ ስንት ኳስ እንዳስገባ ይቆጥር ጀመር። አባቱም ቆሞ አብሮት ይቆጥራል።

ለአያቶች፤ ከነርስ ምክር

ዕድሜ ሲገፋ ዱላውን የማወዛወዝ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ቀለል ያለ የግራፋይት ዘንግ ምረጡ፤ ኳስ ሲመታ ወደ እጅ የሚመጣውንም ንዝረት ይቀንሳል። ዘንጉ ላይ ፊደል ይጻፋል፤ «አር» መደበኛ፣ «ኤስ» ግትር፣ «ኤል» የሴቶች፣ «ኤ» ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለአዛውንቶች የሚሆን ለስላሳ ማለት ነው። የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ወፈር ያለ እጀታ ያስቀይር፤ ብዙ መጨበጥ ሳያስፈልገው ይይዘዋል።

የጎልፍ ተጫዋች ክርን የሚባል ሕመም አለ። በክርን ውስጠኛ በኩል የሚሰማ ሲሆን ጡንቻ ከአጥንት የሚያያዝበት ጅማት ሲደክም የሚመጣ ነው። መከላከያው በመጠን መጀመር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በፓተርና በአጭር ምት አሳልፉ። ከመጀመራችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ተራመዱ፣ ትከሻና ወገባችሁን አፍታቱ። ከ30 እስከ 40 ኳስ ከመታችሁ ለዚያ ቀን ይበቃል። የጀርባ ዲስክ ችግር፣ የልብ ሕመም ወይም የተተካ መገጣጠሚያ ያለው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ዘጠኝ ጉድጓድ በእግር እየተሄደ ሲጫወቱት ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በኤሌክትሪክ ጋሪ ከሄዳችሁ ግን መራመዱ ይቀራል፣ ገንዘቡም ይጨምራል። ቦርሳውን በትከሻ ከመሸከም በሁለት ጎማ የሚገፋ ጋሪ ይሻላል፤ እሱም ያገለገለ ይገኛል።

የደም ግፊት መድኃኒታችሁ ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ውኃ ሳትይዙ አትውጡ። የስኳር ሕመምተኛ ከረሜላ ወይም ጭማቂ በኪሱ ይኑር፤ ከጨዋታ በኋላም ጫማውን አውልቆ እግሩን ይመልከት። ባርኔጣ አይረሳ። ነጎድጓድ ከተሰማ ዱላውን ጥሎ ሕንፃ ወይም መኪና ውስጥ መግባት ነው፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይወጣም፤ ዛፍ ሥር መጠለልም አይሆንም። ልጆችን ደግሞ ዱላ ከሚያወዛውዝ ሰው አርቁ። ኳሷ 46 ግራም የማትሞላ ትሁን እንጂ በፍጥነቷ ዓይን ታጠፋለች።

ከዱላው በኋላ

ዱላ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ የሜዳው ክፍያ ግን በየጊዜው ነው። ስለዚህ የግል ክለብ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነውን የከተማ ወይም የወረዳ ሜዳ ጠይቁ። ረፋዱ ካለፈ በኋላና በሥራ ቀን ዋጋው ይቀንሳል፤ ለአዛውንትና ለልጅም ቅናሽ ያለው ብዙ ነው።

ለልጆች በ1997 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፈርስት ቲ የተባለ ፕሮግራም በብዙ ከተሞች ያስተምራል፤ ዱላም የሚያውስበት ቦታ አለ። ዩዝ ኦን ኮርስ የሚባለው ደግሞ አባል የሆኑ ልጆች በሚተባበሩት ሜዳዎች በ5 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ እንዲጫወቱ ያደርጋል። ዱላ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፤ ልጁ በአንድ ወር ሊሰለቸውም ይችላልና በውሰት መጀመር ብልህነት ነው። ኳስም አዲስ አትግዙ፤ ከየሐይቁና ከየጥሻው የተለቀመ ታጥቦ ይሸጣል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ከውጭ ዱላ እንዲመጣላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ ዱላ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ አይገባም፤ በሚላከው ሻንጣ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዕቃውን ከማዘዛችሁ በፊት የሻንጣውን ዋጋ ጠይቁ።

የማን ጨዋታ ነው?

አማቼ መጀመሪያ ላይ የተናገረው ሌላም ቃል ነበር፤ «ይሄ የኛ ጨዋታ አይደለም» ነው ያለው። በዋሽንግተን ከተማ ላንግስተን የሚባል የጎልፍ ሜዳ አለ፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። በዚያ ዘመን ጥቁሮች በነጮች ሜዳ እንዳይጫወቱ ይከለከሉ ስለነበር ሜዳ እንዲሠራላቸው አጥብቀው ጠየቁ። ከጠያቂዎቹ መካከል በ1937 እ.ኤ.አ. ዌክ ሮቢን የሚባል የጎልፍ ማኅበር ያቋቋሙ ጥቁር ሴቶች ነበሩበት። ሜዳው የተሰየመውም ከቨርጂኒያ ለአሜሪካ ምክር ቤት በተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው፣ በጆን መርሰር ላንግስተን ስም ነው። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው «ሴቶቹ ዱላ ከየት አመጡ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። በሜዳው ላይ መቆም ውድ ዱላ በመያዝ የሚገኝ መብት እንዳልሆነ ልጅም ይገባዋል።

ሲጠቃለል፣ መጀመሪያ በውሰት ይሞከር፤ ከተወደደ ያገለገለ፣ ከሰባት ያልበለጠ፣ ለቁመትና ለእጅ የሚስማማ ዱላ ይገዛ። የተረፈው ገንዘብ ለሜዳው፣ የተረፈው ቅዳሜ ደግሞ ለልጁ ይሁን። አባትና አያት አብረውት ቢራመዱ ልጁ ጎልፉን ባይወድ እንኳ አማርኛውን ይሰማል።